አምስተኛው ቀይ

ደብሪቱ ቀዩን ብርጭቆ መውቀጥ የጀመረችው ነሐሴ አሥራ ሰባት ቀን 1976 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ነው። እየወቀጠች ትራገማለች። የሙቀጫውን ድምፅ የሰማ የደባርቅ ሰው ሁሉ ሥራ መያዟን ያውቃል፤ እርግማኗን የሰማ ግን አልነበረም፤ ደግነቱ። በዚያ ዘመን ካድሬ ሲረገም የሰማ ጆሮም ቢሆን አይማርም ነበር።

የምትረግመው ዋሴን ነው። ጓድ ዋሴን። "ጓድ! የማን ጓድ? የሰይጣን ጓድ!" ትልና ዘነዘናውን ታወርደዋለች። ይኸው ዛሬ ካኪ ኮት ለብሶ፣ ሁለት እስክሪብቶ ደረቱ ላይ ሰክቶ በገበያው መሐል የሚንጎራደደው ዋሴ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ ነበር። አኩፋዳውን አንግቶ ከደጇ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲል፣ ደብሪቱ አንድ ቀን እንኳ "እግዜር ይስጥህ" ብላ ባዶ እጁን አልሰደደችውም። በብርድ ተመትቶ ሲንቀጠቀጥ ተልባ አሙቃ ያጠጣችው እሷ ናት። ባሏ ኪዳነ ማርያም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንጥረኛ ነበር፤ ለልጁ ትንሽ የመዳብ መስቀል ሠርቶ፣ በጀርባዋ የክርስትና ስሙን "ወልደ ሩፋኤል" ብሎ ቀርጾ፣ ማተቡ ላይ አሰረለት። ያ ልጅ ነው ጎንደር ወርዶ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቀምሶ፣ አብዮቱ ሲመጣ ማተቡን በጥሶ ካድሬ ሆኖ የተመለሰው።

የነገሩ መነሻ ያርጋል ነው። ያርጋል የደብሪቱ አንድ ልጇ ነው፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ። ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ለፍስኩ ቅቤ፣ ለምድጃው ከሰል ግዛ ብላ ዳባት ገበያ ላከችው። የዳባትን ገበያ በዚያ ቀን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከላይም ከታችም ዘጉት። ጎረምሳ የተባለውን ሁሉ እንደ በግ እየለዩ መኪና ላይ ጫኑት። ለብሔራዊ ውትድርና ነው ተባለ። ያርጋልም ከነቅቤው ተጫነና ደባርቅ መውጫ ላይ ባለው የእህል መጋዘን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቆለፈበት። መጋዘኑ ያን ዓመት እህል አልነበረውም። ከቆላው የተነሣው ረሃብተኛ በዛሪማ በኩል ሊማሊሞን እየወጣ ሲመጣ "ባዶ ነው" ተብሎ የተመለሰበት መጋዘን ነው። ልጅ ለማጎር ሲሆን ግን ቦታ አልጠፋም።

ደብሪቱ ለሦስተኛው ቀን ማደር አልቻለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ወደ ዋሴ ቢሮ ሄደች።

"አዋጅ ነው፣ ጓዲት ደብሪቱ" አላት ከወንበሩ ሳይነሣ።

"ጓዲት አትበለኝ! እኔ ያበላሁህ ያጠጣሁህ ደብሪቱ ነኝ።"

ዋሴ በሩ መዘጋቱን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና የድሮው ልጅ ሆነ። "እትዬ፣ የምነግርዎ ነገር በእኔና በእርስዎ መሐል ይቅር። መስከረም ሁለት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው። ከጎንደር ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ከአዲስ አበባ ይላካል የተባለው ባጅ አልደረሰም፤ ደረታችን ባዶውን እንዴት እንቀበላቸው? ጋሽ ኪዳኔ አሥመራ የተማሩትን የብርጭቆ ሥራ እርስዎም ይችሉበታል ይባላል።"

ከመሳቢያው ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በመሐሉ ማጭድና መዶሻ። ማጭድና መዶሻው የመዳቡን መልክ ይዞ ይቅር፤ የቀረው ሁሉ ቀይ ይሁን። ሠላሳ ፍሬ።

"ልጄስ?"

"ባጁ ሲያልቅ ስሙን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ። እስከዚያው ወደ መጋዘኑ አይምጡ፤ ዓይን ይበዛብናል። ስንቁን እኔው ራሴ እየመጣሁ ወስጄ አደርስለታለሁ።"

"ማልልኝ።"

"ካድሬ አይምልም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ወልደ ሩፋኤል ይማልልኝ።"

ዋሴ ፊቱ ቀላ። ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱን ሲያጣጥፍ ሲዘረጋ ቆየ። "ባበሉኝ እንጀራ" አለ በመጨረሻ። ደብሪቱ ከዚህ የበለጠ መሐላ አታውቅም ነበርና አምናው ወጣች።

ቀይ ሲሉት ቀላል ይመስላል። የዚህን ሥራ ቀለም ሰው ከገበያ የሚገዛው ዓይነት ቀለም አድርጎ ያስባል፤ አይደለም። ቀለሙ ብርጭቆ ነው። ተወቅጦ፣ ልሞ፣ ታጥቦ፣ መዳብ ላይ ተነስንሶ በእሳት የሚቀልጥ ብርጭቆ። ኪዳነ ማርያም አሥመራ ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ሲሠራ "ስማልቶ" ይሉት ነበር። አረንጓዴውን ከጠርሙስም ቢሆን እንደ ምንም ያወጡታል። ሰማያዊውን ከመድኃኒት ብልቃጥ ያገኙታል። ቀዩ ግን ከየትም አይገኝም፤ ከአሥመራ በእንጎቻ በእንጎቻ ሆኖ የመጣ ነው፤ ከመጣ ደግሞ ሃያ ዓመት አልፎታል። በቤቷ የቀረው አንዲት የጣሳ ክዳን የምታክል እንጎቻ ብቻ ነበረች፤ እሷም ባለቤት ነበራት።

ባለቤቷ መድኃኔ ዓለም ነው። ደብሪቱና ኪዳነ ማርያም ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥተው ኖረዋል። "ልጅ ብትሰጠን የመዳብ መጾር መስቀል ሠርተን፣ አምስቱን ቅንዋት፣ የጌታችንን ችንካሮች፣ በቀይ አድርገን እናስገባለን" ብለው ለመድኃኔ ዓለም ተሳሉ፤ ያርጋል ተወለደ። ባሏ መስቀሉን ፈልፍሎ ጨረሰ። ለአምስቱ ቅንዋት አምስት ክብ ቀዳዳ ተወለት፤ በየቀዳዳው የሚገቡትን አምስት ጎድጓዳ የመዳብ ክዳኖችም ቀጠቀጠ። ቀዩን ሊሞላ ሲል ነው ሳንባው ታሞ የሞተው። ከዚያ ወዲህ መስቀሉ በነጠላ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ደብሪቱም "ዘንድሮ፣ ዘንድሮ" ስትል ስምንት ዓመት አለፋት። እጄ እንደ እሱ አይደለም፣ ቀዩን አበላሸዋለሁ ብላ እየፈራች ነው። አሁን ያንን የስለት ቀይ አውጥታ ለዋሴ ኮከብ ልትወቅጠው! እንዴት አትራገም?

"መድኃኔ ዓለም" አለች ዘነዘናውን እንዳነሣች፣ "ልጁን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ቀይህን የወሰድኩት ለእሱ ነው። ቅር ካለህ በእኔ ይሁን።"

ከዚያ በኋላ ሥራውን ሥራ አድርጋ ያዘችው። ንዴቷ እጇን አላበላሸባትም፤ እንዲያውም ያን ያህል ተጠንቅቃ ሠርታ አታውቅም። ለልጅ ቤዛ የሚሆን ነገር እንዴት ይበላሻል? የኮከቡን ቅርጽ በአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ላይ መርፌ በሚያህል መሮ ቆፈረች። እናቷ የሰጠቻትን የመዳብ ትሪ ቆራርጣ አጋለች፤ ቅርጹ ላይ እያስቀመጠች በአንድ ምት መታችው። ሁለተኛ ምት የለም፤ ከደገሙት ቅርጹ ይሸሻል። ማጭድና መዶሻው ከፍ ብሎ፣ ሌላው ጎድጉዶ ይወጣል። ቀዩ የሚተኛው በጎድጓዳው ነው።

ብርጭቆውን ዱቄት እስኪሆን ወቀጠችው። ዱቄቱን አሥር ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ በውኃ አጠበችው። ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ካልታጠበ ቀዩ ይደፈርሳል። እርጥቡን ዱቄት በዶሮ ላባ ጫፍ እያነሣች በየጎድጓዳው አሰፈረችና ምድጃው ዳር አደረቀችው። ኮከቦቹን በገል ላይ ደርድራ፣ ገሉን ፍም ውስጥ አስገብታ፣ ሌላ ገል ከድናበት ወናፉን ነፋች። እዚህ ላይ ነው ዓይን የሚያስፈልገው። ብርጭቆው በመጀመሪያ እንደ ስኳር ይሆናል፤ ቀጥሎ ይጎረብጣል፤ ከዚያ ድንገት እንደ ውኃ ይተኛል። የተኛ ጊዜ ማውጣት ነው። ትንሽ ከዘገዩ ቀዩ ይጠቁራል፤ የጠቆረ ቀይ ደግሞ አይመለስም። ሲበርድ በእርጥብ ድንጋይ ሞርዳ አስተካከለችው፤ መልሳ እሳት አሳየችው። አንድ ኮከብ ሦስት ጊዜ እሳት ይገባል። ሠላሳዎቹ እንዲህ ሆነው እስኪያልቁ ዓይኗ ከጭሱ ብዛት ቀልቶ የሠራችውን ብርጭቆ መስሎ ነበር።

ዋሴ እንደ ቃሉ በየቀኑ ከምሳ በፊት ይመጣል። የትናንቱን አገልግል ባዶውን ያስቀምጣል፤ የዛሬውን ሙሉውን ይወስዳል። ደብሪቱ አገልግሉን ስትጠቀጥቀው አትሳሳም፤ አንድ ቀን ዳቦ፣ አንድ ቀን እንጀራ በሽሮ፣ ቅቤ ከተገኘ በቅቤ። "በላ?" ትለዋለች። "በልቷል። እጅሽ ይባረክ ብሏል" ይላታል። ያቺን "እጅሽ ይባረክ" ይዛ እስከ ማግስቱ ትውላለች።

ካድሬ በየቀኑ የሚመላለስበት ቤት ግን ጎረቤት አይወደውም። የሰፈሩ ሴቶች እሳት ሊጭሩ መምጣት ተዉ። ደጃፏ ላይ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "የእነሱን ኮከብ እየሠራች ነው" ተባለ። አይፈረድባቸውም፤ የልጇን ነገር ለማንም አትናገሪ ስለተባለች አፏን ይዛ ነበር። ይህ ዝምታ ምን እንዳስከተለባት በኋላ ነው የገባት።

ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ባጆች መርፌያቸውን በይዳ አስረከበችው። ዋሴ አንዱን እዚያው ካኪ ኮቱ ላይ ሰካና በመስኮቱ መስታወት ራሱን አየ። "የአዲስ አበባው እንዲህ አያምርም!" አላት ከልቡ ተደስቶ። አምስቱን ለጽሕፈት ቤቱ አለቆች ወሰደ። የቀሩት ሃያ አራቱ ለገበሬ ማኅበር ሊቀ መናብርትና ለእንግዶቹ ናቸው፤ ጳጉሜን ሦስት ሊረከባት ተቀጣጠሩ። ነሐሴ ሃያ ሰባት የመድኃኔ ዓለም ዕለት ደብሪቱ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ስለ ቀዩ ይቅርታ ስትለምን እስከ ረፋድ ድረስ ከደጀ ሰላሙ ተደፍታ ቆየች። ስትመለስ ዋሴ መጥቶ አገልግሉን ወሰደ።

ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ዝናብ ከማለዳ ጀምሮ ወረደ። ሕፃናቱ እየጮሁ ይጠመቁበታል፤ ደብሪቱም እንደ ሰው ሁሉ ጋኗን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ደቅና ጠበሉን ሞላች። ሃያ አራቱ ኮከቦች አልቀው መደቡ ላይ በጨርቅ ተደርድረዋል፤ የቀረው መርፌያቸውን መበየድ ብቻ ነው። ማንጠግቦሽ የገባችው በዚያን ሰዓት ነው። ማንጠግቦሽ የደብሪቱ የአክስት ልጅ ናት፤ ዳባት ላይ ጌሾ ትነግዳለች። ውኃው ከነጠላዋ እየተንጠባጠበ ገብታ ደብሪቱ አንገት ላይ ተጠመጠመችና ማልቀስ ጀመረች።

"አይዞሽ እህቴ! ጎረምሳ ነው፣ ይችለዋል። ከእኛም ሰፈር አሥራ አንድ ልጅ ነው የሄደው።"

"ማን ነው የሄደው?"

ማንጠግቦሽ እጇን ለቀቀች። "አልሰማሽም? እኔ እኮ ቶሎ አልመጣሁም ብዬ አፍሬ... ነሐሴ ሃያ ሰባት ጎሕ ሲቀድ አራት መኪና በዳባት አለፈ። ያርጋልን በዓይኔ አየሁት። 'ለእናቴ ንገሯት፤ ጎንደር ሊወስዱን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሆነ አናውቅም' ብሎ ጮኸ። ከዛሬ ነገ ሰው ነግሯታል ብዬ ነው እኮ!"

ደባርቅ ያለው ሰውማ ያውቅ ነበር። የሚያውቀው ሁሉ ግን "ካድሬው ቤቷ እየዋለ እሷ ሳትሰማ ትቀራለች?" እያለ ዝም አለ።

ደብሪቱ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ጳጉሜን አንድ፣ ሁለት። ስድስት ቀን። ልጇ ወደሌለበት መጋዘን ስድስት አገልግል ሄዷል፤ አምስቱ ባዶውን ተመልሷል። አምስት ጊዜ "እጅሽ ይባረክ" ተብላለች። ለሞተ ሰው እንኳ ተዝካሩ የሚበላው በስሙ ነው፤ የያርጋልን ስንቅ ማን በላው? ይህን ስትጠይቅ መልሱን ታውቀዋለች። 

መዶሻ አነሣች። ሃያ አራቱን ኮከቦች ልታደቅቃቸው እጇን ሰቀለች። እጇ አየር ላይ ቀረ። የምትሰብረው የዋሴን ኮከብ አይደለም፤ የመድኃኔ ዓለምን ቀይ ነው። መዶሻውን አስቀመጠች።

"ወናፉን ያዥ" አለቻት ማንጠግቦሽን።

ከሰሉን አቀጣጠለችው። ኮከቦቹን እንደገና ገሉ ላይ ደረደረች። ማንጠግቦሽ "ምን ልትሠሪ ነው?" ብትላት ወደ ወናፉ ጠቆመቻት። ኪዳነ ማርያም አንድ ሥራ ሲበላሽበት የሚያደርገው ነገር ነበር፤ ደብሪቱ መቶ ጊዜ አይታዋለች። መዳብና ብርጭቆ እሳት ውስጥ እስካሉ ይስማማሉ፤ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኛቸው ግን መዳቡ በራሱ ፍጥነት ይኮማተራል፣ ብርጭቆው በራሱ፤ ይፋታሉ። ኮከቦቹ ሲግሉ አንድ በአንድ በጉጠት እያነሣች የሩፋኤል ጠበል የሞላበት ጋን ውስጥ ጣለቻቸው። ጋኑ ጮኸ። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ከውኃው ውስጥ የብርጭቆው መፈንዳት ጣ፣ ጣ፣ ጣ ሲል ይሰማል። ሃያ አራቱን ጨርሳ ውኃውን በወንፊት ጨርቅ ስታጠልለው፣ ቀዩ ስብርብር ብሎ ጨርቁ ላይ ቀረ፤ መዳቦቹ ራቁታቸውን፣ ጠቋቁረው ከጋኑ ሥር ተኝተው ነበር። ቀዩን በብልቃጥ አድርጋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

ዋሴ ቀትር ላይ መጣ። ዝናቡ አባርቷል። ኮከቡን ደረቱ ላይ ሰክቷል፤ የትናንቱ አገልግል በእጁ ነው። ማንጠግቦሽ ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

"በላ?" አለችው ደብሪቱ።

"በልቷል።"

"ምን አለ?"

"እጅሽ ይባረክ ብሏል።"

"መልኩስ? ከሳ?"

"ትንሽ። ደህና ነው ግን፤ አያስቡ።"

ደብሪቱ አገልግሉን ተቀበለችው። ጀርባዋን ሰጥታ መዳቦቹን ከተተችበት፤ ከደነችው፤ ጠፍሩን አጥብቃ አሰረችና መለሰችለት። ሲንኮሻኮሽ ጊዜ ዋሴ ግራ ተጋባ። ፈትቶ አየ። የእንጀራ ፍርፋሪና ሃያ አራት ጥቁር መዳብ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ስንቅ ነው። ጥርስህ ከቻለ ብላው።"

ዋሴ ጓዳው ደጃፍ ላይ የቆመችውን የዳባቷን ማንጠግቦሽን አየና ሁሉም ነገር ገባው። ፊቱ አመድ ሆነ። ቀድሞ የመጣለት ግን የካድሬው ቃል ነው። "ይሄ አሻጥር ነው! ይሄ ፀረ አብዮት አሻጥር ነው! አሳስርዎታለሁ!"

"አሳስረኛ! ና፣ አሁን እንሂድ! እኔ ልቅደምልህ!" ነጠላዋን አደገደገች። "ከጎንደር ለሚመጡት እነግራቸዋለሁ። ዋሴ ከውትድርና ስም ልፋቅልሽ ብሎ ነው ያሠራኝ እላቸዋለሁ። የማን ራስ እንደሚበላ እናያለን! እስቲ ንገረኝ፤ ስሙን ልታወጣው ሞክረህ ነበር? አንድ ቀን እንኳ አፍህን ከፍተሃል?"

ዋሴ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። "አልችልም ነበር" አለ። "ዝርዝሩ ከላይ ተፈርሞ የመጣ ነው። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?"

"ከመጀመሪያውም?"

"ከመጀመሪያውም።"

"እንጀራውስ?"

ወደ መሬት እያየ፣ "በየቀኑ ልነግርዎ ነበር የምመጣው። አገልግሉን ሲዘረጉልኝ አፌ ይያዛል። ይዤው እሄዳለሁ። ለሌላ ብሰጠው ይታወቃል። መድፋት ደግሞ... እንጀራ መድፋት ግፍ መሰለኝ" አለ።

"ግፍ መሰለህ!" ደብሪቱ ሳቀች፤ የሚያስፈራ ሳቅ ነበር። "ማንጠግቦሽ፣ ስሚልኝ! እንጀራ መድፋት ግፍ መሰለው! የሰው ልጅ መድፋት ግን ግፍ አልመሰለውም! ባበሉኝ እንጀራ ብለህ ማልክልኝ፣ ያንኑ እንጀራ በልተህ ጨረስከው። ውጣልኝ! ውጣ ከቤቴ፣ አንተ ሆድ አምላኩ!"

ወጣ። አላሳሰራትም። ሊያሳስራት ቢል ስለ ምን እንደሆነ መናገር ነበረበት። መስከረም ሁለት ቀን ሰልፉ ሲወጣ፣ ከበሮው ሲደለቅ፣ መፈክሩ ሲጮህ፣ ባጅ የነበራቸው ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው። የቀረው "ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይታደላል" ተባለ። ደብሪቱ በዚያ ሰዓት ቤቷን ዘግታ ቀዩን እንደገና ትወቅጥ ነበር። መፈክሩ ከፍ ባለ ቁጥር እሷም ዘነዘናውን ታጠብቀዋለች።

አሥራ ሁለት ጊዜ አጠበችው። አንዱን ክዳን ሞላች፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። እሳት አስገባች። ስምንት ዓመት ሙሉ ስትፈራው የነበረው ቀይ አንዱ እንኳ ሳይጠቁርባት ተኛ። ለአምስተኛው ግን አልበቃም። ባጠበችበት ውኃ ውስጥ ደቃቁን ስትፈልግ ብትውል አልበቃም፤ አይበቃምም ነበር፤ የአምስተኛው ድርሻ በስድስት ሰዎች ደረት ላይ ነው።

ጥቅምት ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም ሲነግሥ ደብሪቱ መስቀሉን ይዛ ገባች። ደብሩን የሚያገለግሉት መምሬ ሀብተ ሚካኤል በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላበጡት። አራቱ ቅንዋት ደም መስለው ያበራሉ። በአምስተኛው ቦታ፣ በስተቀኝ ክንፉ ላይ፣ ቀዳዳው ክፍት ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰማይ ይታያል።

"ልጄ፣ ይህቺን ምን አገኛት? በሰም እንድፈናት?"

"አይድፈኗት፣ አባቴ" አለች ደብሪቱ፤ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው። "የአምስተኛው ቀይ በእነ ጓድ ዋሴ ደረት ላይ ነው ያለው። ስድስት ሆነው ተካፍለውታል። ልጄን ወስደው፣ ስንቁን በልተው፣ የመድኃኔ ዓለምን ቀይ ለብሰውታል። ልጄ እስኪመለስ ክፍት ትቆይ።"

መምሬ መስቀሉን እንዳለ በመጾሪያው ዘንግ ላይ ሰክተው ከፍ አደረጉት። በዑደቱ ሕዝቡ እየተጋፋ ሲሳለም፣ እናቶች አራቱን ቀይ ተሳልመው አምስተኛዋን ባዶ ቀዳዳ ረዘም አድርገው ይሳለሟት ነበር። የእሷ ልጅ ብቻ አልነበረማ! ልጃቸው የተወሰደባቸው እናቶች ከአምባራስም፣ ከአምቢኮም መጥተው ነበር።

ወሬው ከዑደቱ ቀድሞ ከተማው ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ በደባርቅ ባጅ የሰካ ሰው ሲያልፍ፣ ሰው ፊቱን አያየውም፤ ደረቱን ነው የሚያየው።  ሰላምታ ይሰጣል፣ እጅ ይነሣል፣ ዓይኑን ግን ከቀዩዋ ላይ አያነሣም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስድስቱ አምስቱ ብርድ ነው እያሉ በጋቢ መሸፈን ጀመሩ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ዋሴ የደብሪቱን ደጅ አንኳኳ። ኮት አልለበሰም። ባጁን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟል፤ ያንንም አገልግል ይዟል። ሁለቱንም ደፉ ላይ አስቀመጠና እንደ ድሮው፣ እንደ ተማሪነቱ፣ ራቅ ብሎ ቆመ።

"የኔን አምጥቻለሁ፣ እትዬ። ይውሰዱና ለመስቀሉ ያድርጉት። ይቅር ይበሉኝ።"

ደብሪቱ መሐረቡን ፈታ ኮከቡን አየችው። የገዛ እጇ ሥራ ነው፤ አምሮ የተሠራ ነው፤ ያም አናደዳት። "አንዲት ኮከብ ቀዳዳውን አትሞላም" አለችው። "ስድስታችሁም ብትመጡ ያርጋል ሳይመጣ አልሞላውም።" ባጁን በመሐረቡ መልሳ ጠቅልላ እጁ ላይ አኖረችለት።

ከዚያ አገልግሉን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ዋሴ ይሂድ ወይ ይቆይ ሳይለይለት ቆሞ ጠበቀ። ቆይታ ወጣች። አገልግሉን አራት ዳቦ ጠቅጥቃ፣ በሶ በከረጢት ጨምራ፣ ጠፍሩን አጥብቃ አስራዋለች።

"የት እንደላካችሁት ታውቃለህ። ካላወቅህ ትጠይቃለህ፤ አፍ አለህ። ይህን ወስደህ ለልጄ ትሰጠዋለህ።"

"እትዬ፣ እኔ እንዴት..."

"ስማኝ! ባዶ አገልግል መመለስ ታውቅበታለህ፤ አይቼሃለሁ። ይሄኛውን ግን አንተ እንዳታመጣው። ልጄ ራሱ በእጁ አንጠልጥሎት ካልመጣ በቀር ደጄን እንዳትረግጥ፤ እንጀራ ካበላሁህ።"

በሩን ዘጋችው። ዋሴ በአንድ እጁ ባጁን፣ በሌላው አገልግሉን ይዞ መንገዱ ላይ ቆመ። የዳባት ገበያተኞች በዚያ እያለፉ ነበር። እጁን አዩት፤ አገልግሉን አዩት፤ ማንም "ወዴት ነህ?" ብሎ አልጠየቀውም። በስተመጨረሻ አገልግሉን ትከሻው ላይ አንግቶ በጎንደር መንገድ ወረደ።